«ቢራ እኮ ነው!»

ዛሬ ወሬ ሳላበዛ በቀጥታ ወደ ደብዳቤ ልግባ። ከገርጂ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች ስሟን ትቼ ሐሳቧን ብቻ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 26 ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሥራውን ያከብራል፣ ቤተሰቦቹን ይረዳል፣ በእኔ ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም። ችግሬ አንድ ነው። ከሥራ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ይቀመጣል። አምስት ስድስት ቢራ ይጠጣል፤ ቅዳሜና እሁድማ አይቆጠርም። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ይነዳል። ስናገረው ይስቃል። ‹ቢራ እኮ ነው! አረቄ ስጠጣ አየሽኝ?› ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አረቄ በአፉ አይዞርም፣ ሲንገዳገድም አይቼው አላውቅም። እናቴም ‹ቢራ ብቻ ከሆነ ምን አለበት፤ የሰው ባል ስንት ጉድ አለበት› ትለኛለች። ጋሼ፣ እኔ ነኝ ወይ ያካበድኩት? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ሳቄ መጣ። በልጅቷ አይደለም፤ በራሴ ነው። ይቺን «ቢራ እኮ ነው!» የምትል ቃል እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ ስላት ኖሬአለሁ! እና ዛሬ ለእህቴም፣ ለእጮኛዋም፣ ለእናንተም የሚሆን ነገር ላውጋችሁ።

ለመሆኑ የምንጠጣው ምንድን ነው?

ከሩዋንዳ እስከ መድኃኔዓለም፣ ከሃያ ሁለት እስከ ገርጂ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት ዞር ዞር ብትሉ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ቢራ ስሙ ይለያይ እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ጊዮርጊስ በሉት፣ ሐረር በሉት፣ በደሌ፣ ዳሽን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ... እርግጥ አንዳንዱ ፋብሪካ ጠንከር ያለም ይጠምቃል። ሰፊው ሕዝብ የሚጠጣው ግን ያንን ወርቃማውን፣ ኩልል ያለውን፣ ለዘብ ያለውን ነው። ባለሙያዎቹ «ላገር» ይሉታል። ቃሉ የጀርመን ሲሆን ማከማቸት፣ ማቆየት ከሚል የመጣ ነው። ለምን እንዲህ ተባለ ብትሉ፣ ይህ ቢራ እንደ ጠላ ሞቅ ባለ ቦታ ተጠምቆ በቶሎ አይደርስም። እርሾው ወደ ታች የሚዘቅጥ ዓይነት ነው፤ በቅዝቃዜ ነው የሚሠራው። ከዚያም ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። የሚለሰልሰው፣ ሽታውም የሚጠፋው ያኔ ነው።

ወርቃማው መልኩ ሲወለድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1842 ነው፤ ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ፕልዘን በምትባል ከተማ። ዮሴፍ ግሮል የሚባል የባቫሪያ ጠማቂ ብቅሉን ሳያሳርር፣ በለሰለሰ ውሃ ጠምቆ እንደ ወርቅ የሚያበራ ቢራ አወጣ። በዚያን ዘመን አብዛኛው የአውሮፓ ቢራ ጠቆር፣ ደፍረስ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ባቡሩ መጣ፣ የማቀዝቀዣ መኪናው ተፈለሰፈ፤ ይህ ነጣ ያለ ቢራ ዓለምን ዞረ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚጠጣው ቢራ አብዛኛው የእሱ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

እኛም ጋ ቢሆን አዲስ መጤ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችን ጠላውን በጣሳ፣ ጠጁን በብርሌ ሲሉ ቢራው ከጎናቸው ነበር ማለት ነው። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. ሐረርንና በደሌን ገዛ፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቂሊንጦ፣ ዋልያን ይዞ ብቅ አለ። ሐበሻም ከደብረ ብርሃን ተከተለ። ብቅሉ ለረጅም ጊዜ የአሰላ ነገር ነበር፤ አሁን እዚሁ ሰፈራችን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የፈረንሳዩ ሱፍሌ በ2013 ዓ.ም. የከፈተው የብቅል ፋብሪካ አለ። ስለዚህ የቦሌ ልጅ ቢራ ሲጠጣ ብቅሉ ምናልባት ከጎረቤት የመጣ ነው!

ለምን አይከብድም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይሄ ቢራ ለምን እንዲህ ይወርዳል? ለምን አንዱ ሌላውን ይጠራል?

አንደኛ፣ ምሬቱ ትንሽ ነው። በጠላ ውስጥ ምሬቱን የሚሰጠው ጌሾ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በቢራ ውስጥ የጌሾን ቦታ የያዘው ሆፕስ የሚባል ከውጭ የሚገባ አበባ ነው። ለብዙኃኑ በሚጠመቀው ቢራ ውስጥ ሆፕሱ ጣል ነው የሚደረገው፤ ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ብቅሉ የሚደርቀው ሳይቆላ፣ ሳይጠቁር ነው። እንደ አሻሮ የሚሸት፣ እንደ ጢስ የሚል ነገር የለበትም። በብዙ አገር ደግሞ ገብሱ ላይ በቆሎ ወይም ሩዝ ይጨመርበታል፤ ያኔ ይበልጥ ይቀጥናል። ሦስተኛ፣ ይጣራል። አተላ የለ፣ ደፍረስ ማለት የለ፣ ጠጥታችሁ ሆድ ሞላ የምትሉት ነገር የለ። አራተኛ፣ ጋዙ ብዙ ነው፤ ጉሮሮን ጠረግ አድርጎ ያልፋል። አምስተኛ፣ በረዶ ሆኖ ነው የሚቀርበው፤ ብርድ ደግሞ ምላስን ያደነዝዛል። ካላመናችሁኝ ቢራችሁን ለአንድ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ሞቅ ሲል ቅመሱት። «ይሄን ነው እንዴ የምጠጣው?» ትላላችሁ።

ስለዚህ «የእኔ ቢራ ከአንተ ይሻላል» የሚለውን የቦሌ ክርክር ተዉት። አንድ ጊዜ ሰሚት አንድ ወዳጄ ቤት ይሄው ጭቅጭቅ ተነሳ። የቤቱ እመቤት ሲሰለቻት አራት ዓይነት ቢራ ጓዳ ወስዳ በብርጭቆ ቀድታ አመጣችልንና «በሉ እወቁ!» አለች። አምስት ወንዶች ነበርን። አራቱንም በትክክል የለየ አንድም አልተገኘም! «እኔ ከጊዮርጊስ ሌላ ቢቀርብልኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል» ሲል የነበረው ሰውዬ ሌላውን ጠጥቶ «ይሄ ነው የእኔ!» ብሎ ማለላችሁ። እስከ ዛሬ ድረስ እንስቅበታለን።

ይህን የምለው ቢራውን ለማጣጣል አይደለም። እንዲህ ለስላሳ፣ ሁሌም አንድ ዓይነት፣ እንከኑ የማይታይ ቢራ መጥመቅ ከባድ ሙያ ነው። ጥቁር ቢራ ላይ ስህተት ቢኖር ብቅሉ ይሸፍነዋል፤ እዚህ ላይ ግን ምንም መደበቂያ የለም። ችግሩ ቢራው መጥፎ መሆኑ አይደለም። ችግሩ በጣም ቀላል መምሰሉ ነው።

እስቲ ቁጥር እናውራ

እኔ ሂሳብ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ ይቺ ግን ለሁላችንም ትሆናለች። የጠርሙሱን ልጥፍ አንብቡ። 330 ሚሊ ሊትር፣ የአልኮል መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5 በመቶ ነው። 330ን በ5 በመቶ ስታባዙ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ንጹሕ አልኮል ይመጣል። አሁን ደግሞ ወደ ባንኮኒው ሂዱና 40 በመቶ የሆነ ጂን አንድ መለኪያ፣ 40 ሚሊ ሊትር፣ አስቀዱ። ንጹሕ አልኮሉ ስንት ነው? 16 ሚሊ ሊትር!

አያችሁ? አንድ ቢራ ማለት አንድ መለኪያ ጂን በውሃ ተበጥብጦ ማለት ነው። ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው ስድስት መለኪያ ጂን ጠጥቷል። ልዩነቱ ስድስት መለኪያ ጂን የጠጣን ሰው «ኧረ ይበቃሃል!» የሚለው አለመጥፋቱ ነው። ስድስት ቢራ የጠጣውን ግን «አንድ ጨምር እንጂ!» ነው የምንለው። ጃምቦ ድራፍት የሚጠጣው ደግሞ ሂሳቡን ከፍ ያድርግ፤ ጃምቦው ከጠርሙሱ ይበልጣል።

ሌላም አለ። ጉበታችን አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው። ለአንድ ቢራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው ደሙ የሚጠራው ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መሪ ሲጨብጥ ከጠጣው ግማሽ ያህሉ ገና በደሙ ውስጥ ይዞራል። ቡና ቢጠጣ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ፣ መስኮት ከፍቶ ቢነዳ ለውጥ የለውም። ቡና የነቃ ሰካራም ያደርገው እንደሆነ እንጂ አያጠራውም።

«እኔ እኮ አልንገዳገድም» የሚለውስ? እህቴ፣ ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አካሉ ይለምዳል። ምላሱ አይተሳሰርም፣ እግሩ አይንገዳገድም። ፍሬን ላይ ያለው እግሩ ግን ዘግይቷል፤ ዓይኑ ከጎን የሚመጣውን ሰው አያይም። መስከሩ አይታወቅበትም እንጂ ሰክሯል።

የእኔው ጉድ

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ገርጂ አንድ ድራፍት ቤት ኳስ ስናይ አመሸን። ቁርጥ ነበረ፣ ጨዋታ ነበረ፣ ቡድናችንም አሸነፈ። ስንት ጠጣሁ? እውነት ለመናገር አላውቅም። አስተናጋጇ ብርጭቆውን እያነሳች፣ አዲሱን እያስቀመጠች... አምስት ይሁን ሰባት እንጃ። ስነሳ ምንም አልመሰለኝም። «ልሸኝህ?» ያለኝን ልጅ «ቢራ እኮ ነው!» ብዬ ሳቅሁበት።

ወደ ሰሚት ስታጠፍ ጨለማ ነበር። ዳር ላይ በቆሎ እሸት የሚጠብሱ እናት ነበሩ። አላየኋቸውም። የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው፤ የቆርቆሮ ድምፅ። ወርጄ ሳይ ከሰል ምድጃቸው ተጨፍልቆ ፍሙ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፤ በቆሎው ተንከባሎ መሐል መንገድ ገብቷል። እርሳቸው ለደንበኛ መልስ ሊሰጡ ሁለት እርምጃ ብድግ ብለው ሄደው ነበር። ሁለት እርምጃ! የተቀመጡበት ዱካ ጎማዬ ሥር ነበር።

እግሬ ተንቀጠቀጠ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይቅርታ...» ከማለት በቀር ቃል ጠፋኝ። ይሰድቡኛል፣ ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ ቀርበው አዩኝ፤ አሸተቱኝ።

«ምን ጠጥተህ ነው ልጄ?»

«ቢራ ነው እማማ... ቢራ ብቻ ነው።»

«እና ቢራ አያሰክርም ያለህ ማነው?»

መልስ አልነበረኝም። መኪናውን እዚያው ጥግ አስይዤ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ በሌላ ሰው መኪና ቤቴ ገባሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። በማግስቱ ምድጃና ከሰል ገዝቼ፣ የበቆሎውንም ዋጋ ይዤ ሄድኩ። እርሳቸውም ተቀበሉኝ፤ አንድ እሸት ጠብሰው ሰጡኝና ጨዋታ ያዙ። ለካ ድሮ ጠላ ሻጭ ነበሩ።

«እኔ ስንት ዘመን ጠላ ስጠምቅ ኖርኩ» አሉኝ። «ጠላ ይከብዳል። ሰውየው ሁለት ሦስት ጣሳ ሲጠጣ ሆዱ ‹በቃኝ› ይለዋል፤ ፊቱ ላይም ያስታውቃል። የእናንተው ውሃ ይመስላል። ውሃ የሚመስል ነገር ነው ሰው የሚወስደው። ጎርፍስ ውሃ አይደል?»

እዚያው ቆሜ በቆሎዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የሰማሁት ለመልካም ነገር ነበር፤ ለካ ለዚህም ይሠራል። አንድ ቢራ፣ አንድ ቢራ፣ አንድ ቢራ... አንድ ቀን በእግሩ ሄዶ የሰው ደጅ ይደርሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢራ ጠጥቼ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ቢራውን ግን አልተውኩም፤ ይህንንም መዋሸት አልፈልግም።

እህቴ፣ አሁን ወደ አንቺ

አላካበድሽም። መጀመሪያ ይሄንን ያዢ። እናትሽን አከብራለሁ፤ «ቢራ ብቻ ከሆነ» ያሉት ግን በጂንና በቢራ መካከል ያለውን ሂሳብ ማንም ስላልነገራቸው ነው። ይሄን ጋዜጣ አንብቢላቸው።

እጮኛሽ ሱሰኛ ነው ብዬ በአንድ ደብዳቤ አልፈርድም። ነገር ግን ጠይቂው፤ ሲጠጣ ሳይሆን ጠዋት፣ ቡና ላይ፣ ሳትቆጪ። «ሁለት ሳምንት ሳትጠጣ ቆይልኝ» በዪው። እሺ ብሎ በሰላም ከቆየ፣ ጥሩ ነው፤ ልማድ ነበር ማለት ነው። ከተነጫነጨ፣ ሰበብ ከደረደረ፣ ወይ ተደብቆ ከጠጣ፣ ነገሩ ከልማድ አልፏል። አንድ ነገር ግን አደራ! ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ከሆነ በራሱ አያቋርጥ። ብዙ ሲጠጣ የኖረ አካል በድንገት ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ሐኪም ይይዘው። እዚሁ ከተማችን አማኑኤል ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ሕክምና ይሰጣል። ሱስ ሕመም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መኪናውን በተመለከተ ግን ድርድር የለም። ጠጥቶ ሲነዳ አብረሽው አትግቢ። አንድ ቀን እንኳ! «አላመንሽኝም ወይ?» ቢልሽ «አንተን አምናለሁ፤ ስድስቱን ቢራ ነው የማላምነው» በዪው።

ሽማግሌውስ? እህቴ፣ «ካገባሁት ይተዋል» የምትለዋን ነገር ከልብሽ አውጪ። ጋብቻ ሰውን ከጠረጴዛ አያስነሳም። ስንት እህቶቻችን ይህንን ተስፋ አድርገው ገብተው፣ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የመኪና ድምፅ ሲጠብቁ ያድራሉ! መጀመሪያ ነገሩ ይለይለት፤ ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ቢዘገይ የሚወድቅ ሰማይ የለም። የሚወድሽ ከሆነ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም ከቢራው ጋር ሳይሆን ከአንቺ ጋር ይሆናል።

ለእናንተም ለጠጪዎቹ

እናንተ ሰኞ ማታ «ቀላል ነገር» እያላችሁ የምትቀመጡት ወንድሞችና እህቶች፣ አልፈርድባችሁም። ይቺን ግን ያዙልኝ።

ባዶው ጠርሙስ ከጠረጴዛ አይነሳ፤ ከተነሳም ቆርኪውን ኪሳችሁ ክተቱ። ያልተቆጠረ ቢራ ሁሌም ሁለት ነው። በባዶ ሆድ አትጀምሩ። በሁለት ቢራ መሐል አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፤ ሆዱ የሚሞላው ያኔ ነው። ሴቶች ከወንዶቹ እኩል አትቁጠሩ፤ በተመሳሳይ መጠን የሴቷ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። ዙር የሚባለውን ልማድ ፍሩ፤ አራት ሰው ከተቀመጠ አራት ዙር ግዴታ ይሆናል፣ «በቃኝ» ማለት ነውር ይሆናል። መኪና የያዘ ሰው ቁልፉን ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ይስጥ፤ ከሦስተኛው በኋላማ ማን ይሰጣል? ስልካችሁ ውስጥ ታክሲ የሚጠራ ነገር ሞልቷል፤ ዋጋው ከምድጃና ከሰል አይበልጥም፣ ከሰው ነፍስማ ምን ይወዳደራል? ትራፊክ ፖሊስም ትንፋሽ መለኪያ ይዞ መቆም ከጀመረ ሰነባብቷል፤ ከእርሱ ይልቅ ግን በቆሎ የሚጠብሱትን እናት አስቡ።

ልጆች፣ 21 ዓመት ያልሞላችሁ፣ ለእናንተ ነገሩ አጭር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ለእናንተ አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ያው አዋጅ ነው በየቴሌቪዥኑ ይታይ የነበረውን የቢራ ማስታወቂያ ያስቆመው። ታላላቆቻችሁ ያን ማስታወቂያ እያዩ፣ ቢራ ማለት ኳስ፣ ጭፈራና ፍቅር ነው እየተባሉ ያደጉ ናቸው። እናንተ ግን ከዚያ ተርፋችኋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ስድስት ቢራም ለስድስት ሰው ጨዋታ ነው፤ ለአንድ ሰው ግን ሸክም ነው፤ ለሚጠብቀውም ሰው ጭምር።

እህቴ ሆይ፣ የሁለቱ ሳምንት ነገር እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። መልካም ከሆነ ደስታሽን እናካፍላለን፤ ካልሆነም እንመካከራለን።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር እንሰንብት!